ከሲኒየር ኢንጂነርነት ወደ አመራር፦ ምን እናንብብ፣ እንዴትስ እንማርበት?

አንድ ጎበዝ ኢንጂነር ቴክ ሊድ (የቲሙ ቴክኒካል መሪ) ወይም ማኔጀር ሲሆን መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ይታወቃል። «ለአዲስ መሪዎች የሚመከሩ መጻሕፍት» ብሎ ጉግል ያደርጋል። ሃያ መጽሐፍ የተደረደረበት ገጽ ያገኛል። ሁለት ሦስቱን ይገዛል። አንዱን እስከ ግማሹ ያነባል። ከዚያ ፕሮዳክሽን (ደንበኞች የሚጠቀሙበት ሲስተም) ይወድቅና መጽሐፉም እዚያው ይቀራል።

ይህ የስንፍና ጉዳይ አይመስለኝም። አዲስ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ስንማር ኮድ እንጽፋለን፣ ራን እናደርጋለን፣ ከተሳሳትን ኮምፓይለሩ እዚያው ይነግረናል። አመራር ኮምፓይለር የለውም። ዛሬ የወሰናችሁት ነገር ልክ ይሁን ስሕተት የሚለየው ከወራት በኋላ ነው። አንዳንዴም የሚለየው ጥሩ ሠራተኛ «ለቅቄያለሁ» የሚል ኢሜይል ሲልክ ነው። ስለዚህ ንባብ ከሥራ ጋር ካልታሰረ ወዲያው ከአእምሮ ይጠፋል።

ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ለሲኒየር ኢንጂነሮች፣ ለአዲስ ቴክ ሊዶች እና «ማኔጀር ልሁን ወይስ ይቅርብኝ?» እያሉ ለሚያመነቱ ነው። ምንጮቹን በስማቸው እጠራለሁ። ሁሉም በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ከመጻሕፍቱ በቀር አብዛኞቹ በነጻ ይነበባሉ።

ደረጃ 1፦ የትኛውን አመራር እንደምትፈልጉ ለዩ

በሶፍትዌር ዓለም «መሪ» ሲባል ሁለት የማይመሳሰሉ ሥራዎች ናቸው። አንደኛው የሰው አስተዳደር ነው፦ ኢንጂነሪንግ ማኔጀር፣ ከዚያ ዳይሬክተር፣ ከዚያ ወደ ላይ። መቅጠር፣ መገምገም፣ ስለ ሰው ደሞዝ መከራከር፣ ሲከፋም ሰው ማሰናበት እዚህ ውስጥ አለ። ሁለተኛው ስታፍ ኢንጂነር ወይም ፕሪንሲፓል ኢንጂነር የሚባለው ነው። ማንም ለእናንተ ሪፖርት አያደርግም። ግን የአምስት ቲም ቴክኒካል አቅጣጫ ሲበላሽ ጣት የሚቀሰረው ወደ እናንተ ነው።

ለመጀመሪያው መንገድ የካሚል ፎርኒየር «ዘ ማኔጀርስ ፓዝ» ጥሩ መነሻ ነው። በ2017 የወጣ ነው። አዲስ ሰው ከማለማመድ ተነሥቶ ቴክ ሊድ፣ የአንድ ቲም ማኔጀር፣ የማኔጀሮች ማኔጀር እያለ እስከ ላይ ይወጣል። ምዕራፎቹ በደረጃ ስለተከፈሉ ሙሉውን ማንበብ ግዴታ አይደለም። አሁን ያላችሁበትን ምዕራፍና የሚቀጥለውን ብቻ አንብቡ። ስለ ሲቲኦ (የድርጅቱ ዋና የቴክኖሎጂ ኃላፊ) የሚያወራው ክፍል ለዛሬ ምንም አይሠራላችሁም።

ለሁለተኛው መንገድ ሁለት መጻሕፍት አሉ። የዊል ላርሰን «ስታፍ ኢንጂነር» በ2021፣ የታንያ ራይሊ «ዘ ስታፍ ኢንጂነርስ ፓዝ» ደግሞ በ2022 ወጡ። ላርሰን ስታፍ ኢንጂነሮችን በአራት ዓይነት ይከፍላቸዋል፦ የአንድን ቲም ሥራ የሚመራ ቴክ ሊድ፣ የአንድን ዘርፍ አቅጣጫ የሚይዝ አርክቴክት፣ ከአንዱ ከባድ ችግር ወደ ሌላው የሚላክ ችግር ፈቺ፣ እና የአንድ ከፍተኛ ኃላፊ ቀኝ እጅ የሆነ። ይህን ክፍፍል ለራስ መለያ አታድርጉት። መሥሪያ ቤታችሁ የትኛውን ዓይነት እንደሚሸልም ለማወቅ ተጠቀሙበት። ችግር ፈቺ ሆናችሁ አርክቴክት ብቻ በሚያሳድግ ቦታ ከተቀመጣችሁ፣ ማንበብ ብቻውን የትም አያደርሳችሁም።

ገና ያልወሰናችሁ ደግሞ ቻሪቲ ሜጀርስ በ2017 ስለ ኢንጂነርና ማኔጀር ፔንዱለም የጻፈችውን ፈልጉ። ሐሳቧ ቀላል ነው። ማኔጀርነት እድገት ሳይሆን የሙያ ለውጥ ነው፤ ጥቂት ዓመት ሞክሮ ወደ ኮድ መመለስም ውርደት አይደለም። ብዙ ሰው ይህን ቀድሞ ቢያነብ ኖሮ በማይወደው ወንበር ላይ ዓመታት ባልተቀመጠ ነበር።

አሁን ወደ ሥራው። የመሥሪያ ቤታችሁን የደረጃ መስፈርት ሰነድ አውጡ። ከሌለ ድሮፕቦክስና ጊትላብ የራሳቸውን በይፋ አውጥተዋል። ካላችሁበት አንድ ከፍ ያለውን ደረጃ ውሰዱና ለእያንዳንዱ መስመር ባለፉት ስድስት ወራት ከሠራችሁት አንድ ማስረጃ ጻፉበት። ማስረጃ ማለት ሊንክ ያለው ነገር ነው፦ ሰነድ፣ ፑል ሪኩዌስት (ሌሎች እንዲያዩት የቀረበ የኮድ ለውጥ)፣ የተመዘገበ ውሳኔ። «ከሰው ጋር በደንብ እግባባለሁ» ማስረጃ አይደለም።

ባዶ የቀሩት መስመሮች የእናንተ ሥርዓተ ትምህርት ናቸው። ብዙ ጊዜ ባዶ የሚቀሩት ሦስት ናቸው፦ ከቲም ውጭ ያለን ሰው ማሳመን፣ ሌላ ሰው እንዲያድግ ማድረግ፣ የተድበሰበሰ ችግርን ወደ ግልጽ ሥራ መለወጥ። ሲኒየር ሆኖ ኮድ ላይ ባዶ መስመር የሚቀርበት ሰው ብርቅ ነው። ከባዶዎቹ ሁለት ምረጡ። ሦስተኛውን ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ደረጃ 2፦ የዚህን ሳምንት ራስ ምታት ከአንድ ምንጭ ጋር አገናኙ

አሁን መጽሐፍ መክፈት ይቻላል። ግን ከገጽ አንድ አትጀምሩ። በዚህ ሳምንት ምን እንደከበዳችሁ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉና ስለዚያ ብቻ አንብቡ።

ፕሮጀክቱ ዘግይቶ አለቃችሁ «ሦስት ሰው ልጨምርላችሁ?» ካለ፣ የፍሬድ ብሩክስ «ዘ ሚቲካል ማን መንዝ» አለላችሁ። በ1975 የወጣ ነው። ብሩክስ በአይቢኤም የኦኤስ 360 ኦፐሬቲንግ ሲስተምን ሥራ የመራ ሰው ነው፤ በዘገየ የሶፍትዌር ፕሮጀክት ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ ያዘገየዋል ያለውም እሱ ነው። ሒሳቡን ለአለቃችሁ ልታሳዩት ትችላላችሁ። አምስት ሰው እርስ በርሱ ሲነጋገር 10 መስመር አለ። አሥር ሰው ሲሆን መስመሩ 20 አይሆንም፤ 45 ይሆናል። አዲሶቹን የሚያሠለጥኑትም ሥራው የበዛባቸው ነባሮቹ ናቸው። ይህን ይዛችሁ ስብሰባ ስትገቡ «ሰው አንፈልግም» ከማለት ይልቅ «ሰው ከመጨመር ይህን ሥራ ብንቀንስስ?» ማለት ትችላላችሁ።

ሁለት ቲሞች ሁልጊዜ የሚጣሉ ከሆነ ሜልቪን ኮንዌይ በ1968 የጻፈውን አጭር ጽሑፍ ፈልጉ። የሶፍትዌሩ ቅርጽ የድርጅቱን የንግግር መስመር ይከተላል ይላል። ሁለት ቲም የሚጋፋበትን ኤፒአይ (ሁለት ሶፍትዌሮች የሚነጋገሩበትን መገናኛ) ካያችሁ፣ ጠቡ ከኮዱ ይልቅ ከአደረጃጀቱ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ዋን ኦን ዋን (የማኔጀርና የአንድ ሠራተኛ የብቻ) ስብሰባችሁ ወደ ስታተስ ሪፖርት ከተለወጠ የአንዲ ግሮቭ «ሃይ አውትፑት ማኔጅመንት» ይጠቅማል። በ1983 የታተመ፣ ኢንቴልን የመራ ሰው የጻፈው ነው። ግሮቭ የዋን ኦን ዋን ባለቤት ሠራተኛው ነው ይላል፤ አጀንዳውንም የሚያዘጋጀው እሱ ነው። በዚያው መጽሐፍ የማኔጀር ውጤት ምን እንደሆነም ይነግረናል፦ የራሱ ቲም ውጤት ሲደመር እሱ ተጽዕኖ የሚያደርግባቸው የጎረቤት ቲሞች ውጤት። ቀኑን ሙሉ ስብሰባ ላይ ውሎ «ዛሬ ምንም አልሠራሁም» ለሚል አዲስ ማኔጀር ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ትልቅ ጥያቄም ያመጣል፤ ከእነዚያ ስብሰባዎች የትኛው የማንን ውጤት ለወጠ?

የቲማችሁን ፍጥነት የሚለካ ነገር ካስፈለጋችሁ በ2018 የወጣውን «አክሰለሬት» ተመልከቱ። አራት መለኪያ አለው፦ በምን ያህል ጊዜ ዲፕሎይ እንደምታደርጉ (አዲስ ኮድ ለተጠቃሚ እንደምታወጡ)፣ አንድ ለውጥ ከኮሚት (ኮዱ ከተመዘገበበት) እስከ ፕሮዳክሽን የሚወስደው ጊዜ፣ ከለውጦቹ ስንት በመቶው ችግር እንደሚፈጥር፣ ችግር ሲፈጠር በስንት ሰዓት እንደሚስተካከል። አለቃ «በኮድ መስመር ብዛት ልለካችሁ» ሲል እነዚህን ማቅረብ ያድናል። መለኪያዎቹን ለቲም እንጂ ለግለሰብ መገምገሚያ እንዳታደርጓቸው ብቻ አደራ።

ለአንድ ራስ ምታት አንድ ምንጭ ይበቃል። ካነበባችሁት ውስጥ በዚያው ሳምንት የምትሞክሩት አንድ ነገር ካላገኛችሁ ያንን ምንጭ ዝጉት። ታዋቂ ነውና ልጨርሰው አትበሉ።

ደረጃ 3፦ የሌሎችን አደጋ እንደ ክፍል ፈተና ተጠቀሙበት

እንደ እኔ ከሆነ ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው ነጻ ምንጭ ድርጅቶች በይፋ የሚያወጡት ፖስትሞርተም፣ ማለትም ከብልሽት በኋላ የሚጻፍ የምርመራ ሪፖርት ነው። አብዛኛው ሰው ግን ለቴክኒካሉ ጉድ ብቻ አንብቦት ያልፋል።

የጊትላብን እንውሰድ። ጃንዋሪ 31፣ 2017። በዋናው የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ላይ ጫና በዝቶ ወደ ተጠባባቂው ሰርቨር የሚደረገው ኮፒ ተቋርጧል። መሽቷል። አንድ ኢንጂነር የተጠባባቂውን ፎልደር አጥፍቶ ኮፒውን እንደገና ሊጀምር ያስባል። ትእዛዙን የጻፈው ግን በዋናው ሰርቨር ላይ ነበር። በሰከንዶች ውስጥ ነቅቶ አቋረጠው። ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ያህል ነበር።

ከዚያ ወደ ባካፑ ሄዱ። ባካፑ ባዶ ነበር። በየቀኑ ይሠራል የተባለው ፕሮግራም ከዳታቤዙ ጋር የማይገጥም የቆየ ቨርዥን ስለነበር በየጊዜው እየከሸፈ ነበር። መክሸፉን የሚናገረው ኢሜይል ደግሞ ተቀባዩ ሰርቨር ስለሚመልሰው ለማንም አልደረሰም። ያዳናቸው አንድ ኢንጂነር ለሌላ ሥራ ብሎ ከስድስት ሰዓት በፊት በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው። የስድስት ሰዓት ዳታ ጠፋ። ጥገናውን በዩቲዩብ በቀጥታ አስተላለፉት፤ በኋላም ዝርዝሩን አሳተሙ።

እዚህ ጋ አቁሙ። ሪፖርቱ መፍትሔዎቹን ከመዘርዘሩ በፊት ወረቀት አውጡና «የዚህ ድርጅት ሲቲኦ ብሆን በማግስቱ የማደርጋቸው ሦስት ነገሮች» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ ከእነሱ ጋር አወዳድሩ። ኮድ ብቻ ሲያይ የኖረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጽፈው «የሰርቨሮቹን ፕሮምፕት (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስመር) ቀለም መለየት»፣ «ቨርዥኑን ማስተካከል» የሚል ነው። ልክ ነው፤ እነሱም ይህን መሰል ነገር አድርገዋል። ሪፖርቱ ግን «ለምን?» እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ባካፑ መመለስ መቻሉ በየጊዜው ለምን አልተፈተሸም? ባለቤት ስላልነበረው ነው። ይህን ፈትሽ የተባለ ሰው አልነበረም።

ኢንጂነሩ የትእዛዙን ስሕተት ያያል። መሪው ባለቤት የሌለውን ሥራ ያያል። አሁን ወደ ራሳችሁ ቲም ዙሩና በስሙ የሚጠራ ባለቤት የሌላቸውን አምስት ነገሮች ጻፉ። ካላገኛችሁ በደንብ አልፈለጋችሁም። ልብ በሉ፣ ሪፖርቱ ስሕተቱን የሠራውን ሰው በስም አይጠራም። ሰውን ሳይወቅሱ ችግርን መመርመር እንዴት እንደሚጻፍ ለማየት የጉግል ሰዎች በ2016 ያወጡት የሳይት ሪላያቢሊቲ ኢንጂነሪንግ መጽሐፍ ስለ ፖስትሞርተም ባህል ሙሉ ምዕራፍ አለው። ኦንላይን በነጻ ይነበባል።

ሁለተኛ ልምምድ ከፈለጋችሁ ናይት ካፒታል የተባለውን የአሜሪካ የአክሲዮን ግብይት ድርጅት ታሪክ አንብቡ። ድርጅቱ ኦገስት 1፣ 2012 ሥራ የሚጀምር አዲስ የአክሲዮን ግብይት ኮድ ከስምንት ሰርቨሮች ሰባቱ ላይ ጫነ። ስምንተኛው ላይ የድሮው ኮድ ቀረ። በዚያ ቀን በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። የአሜሪካው የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ በ2013 ያወጣው ሰነድ ደረቅ የሕግ ቋንቋ ነው፤ ግን ታግሳችሁ አንብቡት። ገበያው ሳይከፈት በፊት ሲስተሙ 97 የስሕተት ኢሜይሎች ለሠራተኞች ልኮ ነበር። እንደ ማስጠንቀቂያ የወሰዳቸው የለም። የተጫነውን ኮድ ሌላ ሰው ደግሞ እንዲያየው የሚያዝ የተጻፈ አሠራርም አልነበረም። እናንተስ ጋ ማንም የማያነበው የአለርት ቻናል ስንት አለ?

በወር አንድ ፖስትሞርተም ከቲማችሁ ጋር አንብቡ። አንድ ሰዓት ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች በዝምታ ይነበብ፤ ምክንያቱም አስቀድሞ አንብቦ የሚመጣ የለም።

ደረጃ 4፦ ትልልቅ ክፍት ፕሮጀክቶች ሲከራከሩ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ

በመሥሪያ ቤት ከባድ ውሳኔዎች ዝግ ክፍል ውስጥ ያልቃሉ። በኦፕን ሶርስ (ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት በሆነ ፕሮጀክቶች) ግን ክርክሩ በሙሉ በአደባባይ ነው። ሥልጣን የሌለው ሰው ሌሎችን እንዴት እንደሚያሳምን ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ለስታፍ ኢንጂነርነት የምትዘጋጁ ከሆነ የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋን ታሪክ ተከታተሉ። የማሻሻያ ሐሳብ ቁጥር 572 በአገላለጽ መሀል እሴት መመደብ የሚያስችል ትንሽ ምልክት ለመጨመር የቀረበ ነበር። ክርክሩ ከረረ። ሐሳቡ ጸደቀ፤ ግን የቋንቋው ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰም በጁላይ 2018 ከውሳኔ ሰጪነት ወረደ። ተተኪ አልሾመም። ማኅበረሰቡ ራሱ የአስተዳደር አማራጮችን ጽፎ፣ ተከራክሮ፣ በዲሴምበር ድምፅ ሰጥቶ በአምስት ሰው ጉባኤ ለመመራት ወሰነ። የመጀመሪያው ጉባኤ በ2019 መጀመሪያ ሲመረጥ ጊዶም ከአምስቱ አንዱ ነበር።

ስታነቡ ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ ውድቅ የተደረጉ አማራጮች የተጻፉበትን ክፍል። የተቃዋሚውን ሐሳብ ተቃዋሚው ራሱ «አዎ፣ ያልኩት ይህን ነው» እስኪል ድረስ በሚገባ የጻፈ ሰው ግማሹን ክርክር አሸንፏል። ሁለተኛ፣ ክርክሩ የት ቦታ ከሐሳብ ወደ ሰው እንደተሸጋገረ። የዚያን ቀን መልእክቶች ደጋግማችሁ አንብቡ። ማን አበረደው? በምን ቃል?

የረስት ቋንቋ የማሻሻያ ሰነዶችም እንዲሁ ናቸው። «ጉዳቱ ምንድን ነው?» የሚል ክፍል በቅጹ ውስጥ አለ። የራሱን ሐሳብ ጉዳት እንዲጽፍ የሚገደድ ሰው ቶሎ ይበስላል።

ደረጃ 5፦ ማንበብ ብቻ አይበቃም፣ ጻፉ

ከላይ ያለውን ሁሉ ወደ ችሎታ የሚለውጠው ጽሑፍ ነው። አምስት ቲም ያለበት ቦታ በየስብሰባው መገኘት አትችሉም፤ ሰነዳችሁ ግን በሁሉም ይገኛል።

በትንሹ ጀምሩ። ማይክል ናይጋርድ በ2011 የአርክቴክቸር ውሳኔን በአጭሩ መመዝገቢያ መንገድ አቀረበ። ርዕስ፣ ያለንበት ሁኔታ፣ ውሳኔው፣ ውሳኔው ያለበት ደረጃ፣ የሚያስከትለው ነገር፤ በቃ። አንድ ሁለት ገጽ ነው። ልዩነቱን በምሳሌ ላሳያችሁ። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እንዲህ ነው፦

«የኖቲፊኬሽን ሰርቪሱን ለብቻው እናወጣለን። ስኬል ለማድረግ የተሻለ ነው።»

ከስድስት ወር በኋላ የመጣ አዲስ ኢንጂነር ከዚህ ምን ይረዳል? ምንም። ይህንን ተመልከቱ፦

«ያለንበት ሁኔታ፦ ኖቲፊኬሽን ከክፍያ ጋር በአንድ ሰርቪስ ውስጥ ነው። ባለፈው ሩብ ዓመት ክፍያ ከቆመባቸው ጊዜያት ሁለቱ የመጡት ከኖቲፊኬሽን ወረፋ መሙላት ነው። ውሳኔ፦ ኖቲፊኬሽንን ለብቻ እናወጣለን፤ ባለቤቱ የፕላትፎርም ቲም ነው። የሚያስከትለው፦ ክፍያ ከወረፋው ይላቀቃል። የምናጣው ነገር፦ አንድ ተጨማሪ ዲፕሎይመንት መከታተል አለብን፣ ደረሰኝም ከክፍያው ጥቂት ሊዘገይ ይችላል። የደንበኛ አገልግሎት ቲም ይህን አይቶ ተስማምቷል።»

ሁለተኛው ላይ ሦስት የአመራር ሥራዎች አሉ። ችግሩ በማስረጃ ተቀምጧል። የምናጣው ነገር ሳይደበቅ ተነግሯል። ከቲሙ ውጭ ያለ፣ ጉዳዩ የሚነካው ሰው ቀድሞ ተጠይቋል። የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ደቂቃ አትፈጅም፤ ከጀርባዋ ግን ሁለት ሦስት ስብሰባ አለ።

ከዚህ ወደ ረጅም ሰነድ ስትሸጋገሩ ጄፍ ቤዞስ ለአማዞን ባለአክሲዮኖች የጻፋቸውን ዓመታዊ ደብዳቤዎች አንብቡ። የ2015ቱ የሚመለሱና የማይመለሱ ውሳኔዎችን ይለያል። የሚመለሰውን ቶሎ ወስኑ፣ የማይመለሰውን በዝግታ ነው ነገሩ። የ2017ቱ ደግሞ በስላይድ ፈንታ ስለሚጠቀሙበት የስድስት ገጽ ጽሑፍ ያወራል፤ ጥሩው ጽሑፍ ተጽፎ፣ ለሰው ታይቶ፣ ሁለት ቀን ተቀምጦ እንደገና የሚታረም ነው ይላል። የአማዞንን ሥርዓት በሙሉ መቅዳት አያስፈልግም። ሁለቱን ቀን ብቻ ውሰዱ። ማታ የጻፋችሁትን ሰነድ ማታውኑ አትላኩ።

ደረጃ 6፦ ሰው ፈልጉ፣ ግን «ሜንተር ይሁኑኝ» አትበሉ

ያን ጥያቄ ሰው ይፈራዋል። ስንት ሰዓት? እስከ መቼ? ስለ ምን? ይልቅ አንድ የተወሰነ ነገር ጠይቁ። እንዲህ ብላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ፦

«ሰላም፣ ባለፈው ዓመት የዳታቤዝ ማይግሬሽኑን እርስዎ መርተዋል። እኔ አሁን ተመሳሳይ ነገር እየጀመርኩ ነው፤ ሁለት ቲሞች ቀኑ ላይ አልተስማሙም። እቅዴን በአንድ ገጽ ጽፌዋለሁ። ሃያ ደቂቃ ቢሰጡኝ የት ላይ እንደሚሰበር እንዲነግሩኝ እፈልጋለሁ።»

እንዲህ ያለውን ጥያቄ እምቢ የሚል ጥቂት ነው። ከውይይቱ በኋላ ምን እንዳደረጋችሁና ምን እንደሆነ መልሳችሁ ንገሩ። ብዙ ሰው ይህን ይረሳል። ሁለተኛውን ሃያ ደቂቃ የሚያስገኘው ግን እሱ ነው።

ምክር ከሚሰጣችሁ ሰው ሌላ፣ እናንተ በሌላችሁበት ክፍል ስማችሁን የሚያነሣ ሰውም ያስፈልጋል። ይህን በመጠየቅ አታገኙትም። ሥራችሁን በቅርብ ያየ ሰው ነው የሚሆነው። ስለዚህ ከአለቃችሁ ሌላ ቢያንስ አንድ ኃላፊ የጻፋችሁትን ሰነድ ያንብብ።

እኩዮችም አትርሱ። በአንድ ደረጃ ያላችሁ፣ ከተለያየ ቲም የመጣችሁ አራት አምስት ሰዎች በየሁለት ሳምንቱ ተገናኙ። አንድ ሰው አንድ እውነተኛ ችግር ያምጣ። ሌሎቹ ለመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች መጠየቅ ብቻ ይችላሉ፤ ምክር መስጠት ክልክል ነው። ለኢንጂነሮች ይህ ሕግ ከባድ ነው። ችግር ሰምቶ መፍትሔ አለመወርወር ለእኛ እንደ ቅጣት ነው። ግን ለዋን ኦን ዋን ከዚህ የተሻለ ልምምድ የለም።

ጉግል ጥሩ ማኔጀር ምን እንደሚያደርግ የራሱን ሠራተኞች ያጠናበት ፕሮጀክት ኦክስጅን የሚባል ሥራ አለ። መጀመሪያ ከወጡት ስምንት ባሕርያት የቴክኒክ ችሎታ የመጨረሻው ላይ ነበር፤ የመጀመሪያው ጥሩ አሠልጣኝ መሆን ነበር። ዝርዝሩ ሪወርክ በሚባለው የጉግል ገጽ ላይ በነጻ ወጥቷል። የቴክኒክ ችሎታ አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል እኮ።

ደረጃ 7፦ የሠራችሁትን መዝግቡ፣ በተለይ የማይታየውን

ወደ አመራር ስትጠጉ ሥራችሁ ከኮሚት ታሪክ ውስጥ ይጠፋል። ሁለት ቲም ማስታረቅ፣ አዲስ ሰው ማስገባት፣ የተረሳ ቲኬት ማንሣት። ታንያ ራይሊ «ቢይንግ ግሉ» (ሙጫ መሆን) በሚለው ንግግሯ ይህን በደንብ ታሳያለች። ፕሮጀክቱን አያይዞ የሚያቆመው እንዲህ ያለው ሥራ ነው፤ ግን ገና በጀማሪነት የሚሠራው ሰው «ቴክኒካል አይደለህም» ወይም «አይደለሽም» ተብሎ እድገት ሊከለከል ይችላል። ማኔጀር ለመሆን የምታስቡ ከሆነ ይህን ንግግር ለራሳችሁ ብቻ አትስሙት። ቲማችሁ ውስጥ ይህን ሥራ ዝም ብሎ የሚሠራው ማን እንደሆነ ፈልጉ።

ለመዝገቡ ጁሊያ ኢቫንስ ስለ «ብራግ ዶክመንት» (የራስን ሥራ መመዝገቢያ ሰነድ) የጻፈችው ይበቃል። አንድ ፋይል ክፈቱ። ዓርብ ዓርብ ሦስት መስመር ጻፉ፦ ምን ሠራሁ፣ ለማን ጠቀመ፣ ሊንኩ የት ነው። የግምገማ ሰሞን ስታስታውሱ የምታድሩት ነገር ይቀራል።

ደረጃ 8፦ ስለ ኮርስ፣ ኮንፈረንስና ሰርተፍኬት

አጭር ነው። የቪዲዮ ኮርሶች መዝገበ ቃላት ይሰጣሉ፤ ችሎታ ግን ብዙም አይሰጡም። ፖድካስት ለመንገድ ጥሩ ነው። የሊድዴቭ ኮንፈረንስ ንግግሮች ለዚሁ ለእኛ ጉዳይ የተዘጋጁ ስለሆኑ ጊዜ አያባክኑም። ሰርተፍኬት ለኢንጂነሪንግ አመራር ቅጥር ብዙ ሲመዝን አላየሁም፤ መሥሪያ ቤታችሁ ካልጠየቀ አትጨነቁበት።

የሥልጠና በጀት ካላችሁ ከባድ ንግግሮችን በሚና ተከፋፍላችሁ በምትለማመዱበት ሥልጠና ላይ አውሉት፦ ዝቅተኛ ግምገማ መንገር፣ ሊለቅ ያሰበን ሰው ማናገር፣ ለአለቃ እምቢ ማለት። ከመመዝገባችሁ በፊት አዘጋጆቹን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ከጠቅላላው ሰዓት ምን ያህሉ ልምምድ ነው? መልሱ ከግማሽ በታች ከሆነ ስላይዱን ብቻ እንዲልኩላችሁ ጠይቁና ገንዘቡን ለሌላ ጊዜ አቆዩት።